ማሽኑ የማያየው ችግኝ

ሐሙሲት ላይ ከባሕር ዳር–ጎንደሩ አውራ ጎዳና ተገንጥሎ ወደ አንበሳሜ ለሚሄድ መንገደኛ፣ የደራ አብያተ ክርስቲያናት ከሩቅ የሚታወቁት በደናቸው ነው። ዙሪያው እርሻ፣ የግጦሽ መሬት፣ አለዚያም ባሕር ዛፍ ነው፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛውና ዶቅማው በአብዛኛው የተረፈው ደብር ባለበት ቦታ ነው። ያቆየውም የምእመኑ ፍርሃትና ፍቅር ነው። በታቦቱ ጥላ ሥር ያለ ዛፍ አይነካም ብሎ ያመነ ትውልድ እምነቱን ከነደኑ ለልጆቹ አውርሷል። ክረምቱ ሲወጣ ግን በቅጥሩ ውስጥ ሣሩና ቁጥቋጦው ሰው አላሳልፍ ይላል፤ ንግሥ ይቀርባል፤ ሰበካ ጉባኤውም ቅጥሩን ማስጸዳት አለበት። በከተማ ግቢዎች እየተለመደ የመጣው፣ በቤንዚን የሚሠራው ባለክር የሣር ማጨጃ ወደዚህ ቅጥር ይግባ? በደኑ ጥላ ሥር መግባት የለበትም እላለሁ። ምክንያቴ ማሽን ባዕድ ነው የሚል አይደለም፤ ጄኔሬተሩም ድምፅ ማጉያውም ከገቡ ቆይተዋል። ምክንያቴ ማሽኑ ከሚሠራበት መንገድና ደኑ ከሚታደስበት መንገድ የሚነሣ ነው።

ማሽኑ ሲሠራ፣ ትንሽ ሞተር በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን ጭንቅላት በደቂቃ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያሽከረክራል። የናይለኑ ክር በፍጥነቱ ብቻ ተወጥሮ የነካውን ለስላሳ ነገር ሁሉ ይበጥሳል። ለእሱ ሣሩ፣ አረሙና አምና የበቀለው የዝግባ ቡቃያ አንድ ናቸው። ጠንከር ያለውን ልጅ ዛፍ ባይቆርጠው እንኳ ከግርጌው ቅርፊቱን ይልጠዋል። ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ የሚተላለፈው በቅርፊቱ በኩል ስለሆነ፣ ዙሪያውን የተላጠ ልጅ ዛፍ ያን ቀን ደህና መስሎ ቆሞ በኋላ ይደርቃል። ያጨደው ሰውም ጥፋቱን ሳያውቀው ይቀራል። ወይራ ቢቆረጥ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ጥድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ይህ ጉዳት ለምን እንደሚከብድ የሚያስረዳ ጥናት እዚያው፣ ደራ በሚገኝበት በደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ተሠርቷል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዞኑ 28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት ከ160 የሚበልጡ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዶክተር ደምል ተከታይ ጋር ያሳተሙት ሥራ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየውን ዘር የሚመለከት ነበር። ግኝቱ አስደንጋጭ ነው፤ አፈሩ በአረምና በሣር ዘር የበለጸገ ሲሆን ከዋና ዋናዎቹ ዛፎች አብዛኞቹ ግን በውስጡ የዘር ክምችት የላቸውም። ስለዚህ የደኑ ተስፋ ያለው ከመሬት በላይ፣ በሣሩ መካከል ጣት አክለው በቆሙት ቡቃያዎች ላይ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሁሉም አብረው ከታጨዱ፣ ትልልቆቹ ዛፎች እየቆሙ ደኑ ወራሽ ያጣል። ከታች የሚተካ እንደሌለው ከሩቅ ለሚያየው ሰው አይታወቅም፤ ሽማግሌዎቹ ዛፎች መውደቅ ሲጀምሩ ነው የሚታወቀው።

«ችግኙን የሚጨርሰው ከብት ነው እንጂ ማሽን አይደለም» የሚል ሰው ትልቅ እውነት ይዟል። የግጦሽና የመረገጥ ጉዳት በዚያው አካባቢ በጥናት ተረጋግጧል። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋር ሆነው በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ የደከሙትም ለዚህ ነው። ገበሬው ከማሳው የሚለቅመው ድንጋይ ለካቡ ሆነ፤ ከብቱ ውጭ ቀረ፤ ቡቃያው መነሣት ጀመረ። ሆኖም ከብት የማይግጠው ቦታ ሣሩም አብሮ ይረዝማል፤ የማጨጃ ፍላጎት የሚበረታውም ካብ በተሠራበት ደን ነው። በካቡ ያስቀረነውን ከብት በበሩ በኩል ቤንዚን አጠጥተን እንዳናስገባው እፈራለሁ።

ወደ ሃይማኖቱ ስመጣ፣ በማቴዎስ ወንጌል 13ኛው ምዕራፍ ያለው የእንክርዳዱ ምሳሌ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተዛመደ ይመስለኛል። አገልጋዮቹ እንክርዳዱን ነቅለን እንጣል ሲሉ ባለቤቱ ይከለክላቸዋል፤ ምክንያቱም አብሮ ለሚነቀለው ስንዴ መሣሣቱ ነው። ምሳሌው ስለ ሰዎችና ስለ ፍጻሜው ዘመን የተነገረ እንጂ ስለ ሣር አጨዳ አይደለም የሚል መምህር ይኖራል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን መንፈሳዊው ትርጓሜ የቆመው ገበሬ በሚያውቀው የእርሻ እውነት ላይ ነው፤ መለየት ያልቻለ እጅ ጥሩውንም ያጠፋል። ቃሉ ማረምን ሁሉ ቢከለክል ኖሮ የደራና የፎገራ ገበሬ ጤፉን ማረሙ ኃጢአት በሆነ ነበር። የሚያርም ገበሬ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑ አይቶ፣ ጣቱ ለይቶ ይነቅላል። እንግዲህ የምሳሌው ፍርድ ያረፈው በመለየት ላይ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ የሚነጥቀን ይህንኑ ነው። ሰው በገነት የተቀመጠው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት ነው ብሎ የሚያስተምር ቤት፣ ለሚጠብቀው ነገር ዕውር የሆነ መሣሪያ ሲመርጥ ከትምህርቱ ጋር ይጋጫል።

ማጭድና ገጀራ የያዘ ግዴለሽ ጎረምሳስ? እሱም ችግኝ ይፈጃል። ልዩነቱ ግን ጎረምሳውን «ይህ ዝግባ ነው፣ እለፈው» ብሎ ማስተማር መቻሉ ነው። የተማረው እጅ ከአንድ ጥድ ወዲያና ወዲህ ያለውን ሣር አጭዶ ጥዱን መተው ይችላል። የሚሽከረከር ክር የያዘ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ ሣር የሸፈነውን ቡቃያ የሚያየው ከቆረጠው በኋላ ነው። ለየችግኙ አስቀድሞ እንጨት ይተከል፣ ድንጋይ ይከበብ ቢባል ክርክሬ በእርግጥ ይላላል፤ ነገር ግን በእጅና በጉልበት ሄዶ ሁሉንም ፈልጎ ያገኘ ሰው የሥራውን ከባድ ክፍል ጨርሷልና ማሽኑ የሚያተርፍለት ነገር ያንሳል። ደግሞ ክሩ ሣሩን ይቆራርጠዋል። በማጭድ የታጨደው ግን በነዶ ታስሮ ለከብት መኖና ለክዳን ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የድካም ነው። በፀሐይ ጎንብሶ የሚያጭደው ብዙ ጊዜ የአብነት ተማሪ ወይም ድሀ ምእመን ነው፤ የሌላውን ወገብ ሕመም ጽድቅ ብሎ መስበክ ለማይጎነበስ ሰው ቀላል ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከደኑ ጥላ ውጭ እንዲሠራ እደግፋለሁ፤ ከካቡ ውጭ፣ ሕዝብ በሚቆምበት ሜዳና በመንገዱ ዳር የሚጠበቅ ቡቃያ የለም። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየውን እምቦጭ ያህል ያለ ርኅራኄ መወገድ ያለበት ነገር ሲሆንም የማሽን ጉልበት ያስመሰግናል። በደኑ ውስጥ ለሚያጭደው ደግሞ ደመወዝ ይከፈለው። ማሽኑ ለመግዣ፣ ለቤንዚን፣ ለክርና ለጥገና የሚጠይቀው ገንዘብ እኮ ከዚያው ከምእመኑ ሙዳየ ምጽዋት የሚወጣ ነው።

ማሽኑን የሚገዛ ደብር ካለ ምርጫውም የኅሊና ጉዳይ ነው። ቱ ስትሮክ የሆነው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቤንዚኑ ከዘይት ጋር በልክ መደባለቅ አለበት። 50 ለ1 የሚል ማሽን በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋል፤ ዘይቱ ካነሰ ሞተሩ ይነክሳል፣ ከበዛ ያጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ፎር ስትሮክ የሆነው ዘይቱን ለብቻው ስለሚይዝ ጭሱ ያነሰ ነው፤ ክብደቱ ግን ትከሻ ይፈትናል። የአየር ማጣሪያው መጽዳት አለበት፤ ለወራት የሚቆም ከሆነ ቤንዚኑ ተቀድቶ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ካርቡራቶሩ ውስጥ ደርቆ ይዘጋዋል። የተረሳ ማጭድ ቢዝግ የሚጎዳው ራሱ ነው፤ የተረሳ ማሽን ግን በሚያፈሰው ቤንዚን አፈሩን፣ በጭሱ የያዘውን ሰው ይጎዳል። የሣር ክዳንና የጨርቅ መጋረጃ ባለበት ደብር ጄሪካኑ ከዕቃ ቤቱ ርቆ መቀመጥ አለበት። ድምፁም ሰዓት ይኑረው። መጽሐፈ ነገሥት እንደሚተርከው የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ድንጋይ የተጠረበው እዚያው ድንጋዩ በተፈለጠበት ቦታ ነበር፤ በሚሠራበት ጊዜ የብረት መሣሪያ ድምፅ በቤቱ አልተሰማም። ብረቱ አልተወገዘም፤ የሚጮኽበት ቦታ ተለየለት እንጂ። ሰበካ ጉባኤውም ሞተሩ የማይጮኽበትን የቅዳሴና የሱባኤ ሰዓት፣ የደኑንም ወሰን ለይቶ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ወሰኑን የሚያሳዩት ሰዎችም ጥዱን፣ ዝግባውንና ወይራውን ገና በቡቃያው የሚያውቁ ይሁኑ።