ስለ ጀበና ቡናና ስለ ጉርብትና

በገንዘብ በተገዛ መቀመጫ ላይ ጉርብትና ይጸናልን? ወይስ ጉርብትና ያለ ዋጋ ከሚሰጥ ነገር ብቻ የሚወለድ ነው? ይህ ጥያቄ ሊቃውንት ለክርክር ያህል የፈጠሩት አይደለም፤ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ጎዳና ዳር ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ጀበና ተጥዶ፣ ቡና በሲኒ በሚሸጥበት ስፍራ ሁሉ ሳይነገር የሚነሣ ነው። «ቡና ቤት» የሚለው ስም ቢራና አረቄ ለሚሸጥበት ቤት ከተሰጠ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፣ ቡና ብቻ የሚጠጣበትን ይህን ስፍራ ሕዝቡ «ጀበና ቡና» እያለ ይጠራዋል።

የቀደመውና ዛሬም በየሰፈሩ ያልጠፋው ልማድ ጎረቤት ጎረቤቱን በተራ የሚጠራበት ነው። ዛሬ በአንዲቱ ቤት፣ ነገ በሌላይቱ ቤት ቡና ይቆላል፤ አቦል ተጠጥቶ፣ ቶና ተቀድቶ፣ በረካ እስኪደርስ ድረስ የታመመው ይወሳል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ ኀዘን የደረሰበት ይጽናናል። በዚያው አገር የሚኖሩ ቤንቾችና ማጃንጎችም የቡናውን ቅጠል ከቅመም ጋር አፍልተው «ጨሞ» የተባለውን መጠጥ በአንድነት ተቀምጠው ይጠጣሉ። የዚህ ልማድ ትልቁ በጎነት ግን መጠጡ አይደለም፤ አንዲት ሴት አንድ ቀን ብትቀር ልጅ ወደ ደጇ ተልኮ «እትዬ፣ ምነው ቀሩ?» ብሎ መጠየቁ ነው እንጂ።

ካህናት ቡናን በጥርጣሬ ያዩበት ዘመን እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የእስላም መጠጥ ነው ይባል ነበርና፤ ደግሞም በጀበናው ዙሪያ መንፈስ የሚጠሩና አድባር የሚለማመኑ ሰዎች ስለ ነበሩ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደሚለው፣ ይህ አስተያየት የተለወጠው በይበልጥ ቡና ይጠጡ በነበሩት በዳግማዊ ምኒልክና የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ በደከሙት በአቡነ ማቴዎስ ምክንያት ነው። በሌላውም ዓለም ነገሩ ይመሳሰላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1511 በመካ የነበረ ሹም ቡናን ከልክሎ ነበር፤ በ1675ም የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ቡና ቤቶች ይዘጉ ብሎ ካወጀ በኋላ፣ ሕዝቡ ስላጉረመረመ በጥቂት ቀን ውስጥ አዋጁን መለሰ። ንጉሡ የፈራው ፍሬውን አልነበረም፤ ተሰብስበው የሚነጋገሩትን ሰዎች ነው እንጂ። እንግዲህ በየዘመኑ ሊመረመር የሚገባው በሲኒው ውስጥ ያለው ሳይሆን በሲኒው ዙሪያ የሚደረገው ነው።

አንዳንድ አስተዋይ ሰዎች የሚሸጠውን ቡና ይነቅፋሉ። እንግዳን ተቀብሎ ዋጋ መጠየቅ ንግድ እንጂ ፍቅር አይደለም ይላሉ። በእውነትም ሳንቲም ያጣ ሰው ወደዚያ አይቀርብም፤ የለመደው ደንበኛም ቢቀር ሌላው መጥቶ በበርጩማው ላይ ይቀመጥበታልና መቅረቱ አይታወቅም። ይህ ነቀፋ እውነት አለበት። ነገር ግን የቀደመውም ልማድ ጕድለት እንዳለበት ሊዘነጋ አይገባም። ቡናው ሦስት ጊዜ ሲቀዳ የሰው ስም ሠላሳ ጊዜ እየተነሣ ይታማል። ከዚህም ይልቅ ተራው የሚደርሰው ቤትና ጀበና ላለው ሰው ብቻ ነው። በበበቃ እርሻ ቡና ሊለቅም ከሩቅ የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሊማር የመጣው ወጣት፣ ጭነት ይዞ የሚያድረው ሾፌር፣ እነዚህ ሁሉ መልሰው የሚጠሩበት ቤት የላቸውምና ማንም አይጠራቸውም። በጎዳናው ዳር ግን የመጣህበት አገር ወዴት ነው፣ ዘርህስ ምንድር ነው ብሎ የሚከለክላቸው የለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ላደረገው የክብር ስፍራ ሰጥተው ድኻውን ከእግራቸው በታች የሚያስቀምጡትን ይገሥጻል፤ በርጩማው ሁሉ ዝቅተኛ በሆነበት በጀበና ቡናው ስፍራ ግን ለዚህ ኀጢአት ብዙ ቦታ አይገኝም።

በዚያ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤንች፣ ሸኮ፣ ሜኒት፣ ማጃንግ፣ ሸካና ካፋ በቅርብ ይኖራሉ፤ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ምክንያት ከሰሜን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሰፈሩም ብዙዎች ናቸው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጉራፈርዳ ወረዳ የብዙ ንጹሓን ሰዎች ደም ፈሷል። አንድ ሲኒ ቡና ሰይፍን ይመልሳል ማለት ሞኝነት ነው፤ አብረው ጠጥተው የተካካዱም አሉና። ይሁን እንጂ የባልንጀራውን ልጅ ስም የሚያውቅና የእናቱን ሕመም የሰማ ሰው፣ በዚያ ባልንጀራ ላይ የተነዛውን ክፉ ወሬ ፈጥኖ አያምንም። ወሬ የሚበረታው ሰዎች በማይተዋወቁበት ስፍራ ነው።

እንግዲህ ዋጋ መከፈሉ ጉርብትናን አያጠፋም፤ ዋጋ አለመከፈሉም ብቻውን ጉርብትናን አያጸናም። የቤቱ ቡና የቀረውን ይጠይቃል፣ እንግዳውን ግን አያውቅም፤ የጎዳናው ቡና እንግዳውን ይቀበላል፣ የቀረውን ግን አይጠይቅም። እያንዳንዱ የምግባርን እኩሌታ ይዞ ሌላውን እኩሌታ አጥቷል።

ስለዚህ የክርስቲያን ሥራ የሁለቱን በጎነት ማገናኘት ነው። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስቱን እንግዶች ባየ ጊዜ ተራቸውን አልጠበቀም፤ ሮጦ ተቀበላቸው እንጂ። እንዲሁ የቤት እመቤት በበዓል ቀን ሲኒዋን ስትደረድር፣ ከጎረቤቶቿ ቍጥር በላይ አንድ ሲኒ ጨምራ ቡና ለቃሚውን ብታስጠራው ተራው አይጐድልባትም። በጎዳናው ዳር የሚጠጣውም ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ከመነሣቱ በፊት ቡና አፍዪዋን «እዚህ ይቀመጥ የነበረው ሰውዬ ወዴት ሄደ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ታሞ እንደ ሆነ ቢሰማም ቤቱን አጠያይቆ ይጐብኘው።