የዳነው ሰው ዕዳ

በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ያገለገለች ነርስ ጡረታ ስትወጣ፣ ያገለገለችው ሕዝብ በአደባባይ ሊያከብራት ይገባል? ነገሩ ክርክር የሚያሻው አይመስልም፤ ነገር ግን የሚያመነቱ ሰዎች ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ወንጌል በጎ ሥራ በስውር ይሁን ይላል፤ በሰው ፊት የተመሰገነ ዋጋውን እዚሁ ተቀብሏል ብለው የሚሰጉ ምእመናን አሉ። ሌሎች ደግሞ ደመወዝ ተከፍሏታል፣ የሠራችውም ግዴታዋን ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ማክበርን ለእርሷ እንደሚሰጥ ሽልማት ይቆጥሩታል። እኔ ግን ተቀባዩ ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ ነው እላለሁ።

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። በመጀመሪያ፣ የታዘዘውን ሁሉ የፈጸመ አገልጋይ ከግዴታው ያለፈ እንዳደረገ እንዳይቆጥር ይመከራል። ወዲያው ቀጥሎ ከለምጽ የነጹት ዐሥር ሰዎች ታሪክ ይመጣል፤ ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ሳምራዊ ብቻ ነበር፣ ኢየሱስም የዘጠኙን መቅረት ሳይጠይቅ አላለፈም። ትሕትና ለአገልጋዩ ታዘዘ፤ ምስጋና ደግሞ ከዳነው ተጠበቀ። በስውር ስጥ የተባለው ሰጪው ነው፤ እዚህ የነጹት ዐሥሩ ግን የተደረገላቸውን እንዲደብቁ አልታዘዙም። ሳምራዊው ያከበረው እግዚአብሔርን ነው፣ ነርሷ ግን ሰው ናት የሚል ይኖራል። ፈውስ ከእግዚአብሔር መሆኑን ማመን ግን በእጇ የፈወሰባትን ሰው አያስረሳም። በእስልምናም ሰውን የማያመሰግን አላህን ከማመስገን እንደሚጎድል በሐዲስ ይነገራል።

ለገጠር ነርስ ይህ ዕዳ በተለይ የሚከብደው የሥራዋ ፍሬ በአብዛኛው ያልደረሰ ጉዳት ስለሆነ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ በጊዜው የተሰጠው ሕፃን በኩፍኝ አይሞትም፤ ደም ግፊቷ በእርግዝና ክትትል የተደረሰበት እናት በወቅቱ ሪፈር ተጽፎላት ትተርፋለች፤ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚው መድኃኒቱን ለስድስት ወር ሳያቋርጥ ሲጨርስ ቤተሰቡን አያስይዝም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበሩበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርደዋል። ከዚህ ቁጥር ጀርባ በሕይወት ያሉ እናቶች አሉ፤ የትኛዋ ልትሞት ኖሮ እንደተረፈች ግን ማንም ለይቶ አያውቅም። ያልደረሰ ሞት ለቅሶ ስለሌለው ማስታወሻም የለውም። ስለዚህ ይህን ውለታ ማስታወስ በፈቃድ የሚደረግ ሥራ መሆን አለበት።

ይህ ውጤት የአንዲት ነርስ አይደለም የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ያሰማራቸው ሠራተኞች፣ እንዲሁም አዋላጆችና የአምቡላንስ ሹፌሮች ድርሻ አላቸው። ይሁንና ለብዙዎች የሚገባ ምስጋና ከአንዷ ሊነፈግ አይገባም፤ ስሟ ሲጠራ የእነርሱም ይጠራ። ደመወዙም ዕዳውን አይሰርዝም፤ መንግሥት የከፈለው ለሥራ ሰዓቷ ነው። ወደ ከተማ መዛወር እየቻለች እዚያው ለመቆየቷ ግን በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ የተጻፈ ክፍያ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ውዳሴ የቸልተኝነት መሸፈኛ ይሆናል የሚለው ነው። ጋቢ አልብሶ፣ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ የሚሸኝ ወረዳ፣ መድኃኒትና ውኃ በሌለው ጤና ጣቢያ ተተኪዋን ብቻዋን ከተዋት ክብሩ ሐሰት ነው። ይህ ግን ማክበርን እስከ መጨረሻው እንድንፈጽመው እንጂ እንድንተወው አያስገድድም። ነርሷ ያለ ሙሉ መሣሪያ የሠራችውን እያመሰገንን ያንኑ ጉድለት ለተተኪዋ ማውረስ ዕዳ መክፈል አይሆንም። በአደባባይ ያመሰገናት ሕዝብ የጎደለውን ለማሟላት ገንዘቡንና ጉልበቱን ሲያዋጣ፣ ከባለሥልጣንም ድርሻውን ሲጠይቅ፣ ያን ጊዜ ምስጋናው እውነት ይሆናል።