የግቢያችን ሣርና የንጽሕና ትርጉም

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ሣር ማብቀል ማንንም አስጨንቆ አያውቅም። በጊንጆም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች ዝናቡ በመጋቢት መጣል ሲጀምር ሰርዶው በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር ሳይዘሩት ይነሣል፤ ከሰርዶውም መካከል ማገጡና ስማቸውን ከአያቶቻችን ጋር የቀበርናቸው ብዙ ጥቃቅን አበቦች ይፈካሉ። የሚያስጨንቀን የበቀለውን መግራት ነው። የቁምስናው ዓመታዊ በዓል ሲቃረብ የግቢው ኮሚቴ ይሰበሰብና ሣሩ እንዲታጨድ ይወስናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በማጭዱ ላይ ሌላ ሐሳብ ሲታከል እንሰማለን፤ «መድኃኒት ይረጭበት» ይባላል።

በዚህ ቃል ላይ ጥቂት መቆም ይገባናል። ለታመመ ልጅ የምናጠጣው መድኃኒት ነው፤ አረም የሚያደርቀው፣ ጉንዳን የሚፈጀውም በአነጋገራችን መድኃኒት ነው። ጌታችንን መድኃኒታችን ብለን በምንጠራበት ቃል መርዝን ስንጠራው፣ ሊፈራ የሚገባው ነገር ሳይፈራ ወደ ግቢያችን ይገባል። ከርጭቱ በኋላ ሣሩ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሆኖ፣ አበባ የሌለበት፣ የሚሳብም የሚበርም የማይታይበት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ «አሁን ንጹሕ ሆነ» እንላለን። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሕይወት የተወገደለትን ነገር ንጹሕ ልንለው ይገባልን? ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ስለ ንጽሕና ስታስተምር ከኃጢአት መራቅን ትናገራለች እንጂ ከፍጥረት መራቅን አትናገርም።

ለመሆኑ በሣሩ ውስጥ የሚኖረው ማን ነው? ከሁሉ አስቀድመን ጣዝማን እናነሣለን። ማሯ ለመድኃኒትነት በየቤቱ የሚፈለገው ይህች የማትናደፍ ትንሽ ንብ ቤቷን የምትሠራው ከመሬት በታች ነው፤ መግቢያዋም ላላስተዋለ ሰው የማትታይ ቀዳዳ ናት። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከ20,000 በላይ የንብ ዓይነቶች አብዛኞቹ በቀፎ አይኖሩም፤ እናቲቱ ብቻዋን ትደክማለች፣ ብዙዎቹም ምድርን ቆፍረው እንቁላላቸውን በዚያ ይጥላሉ። ወገበ ቀጭኗ ትንሽ ተርብ ከጥቃቅን አበቦች ማር ቀስማ እንቁላሏን በትል ሰውነት ውስጥ ታኖራለች፤ የሚፈለፈለውም እጭ የጎመናችንን ጠላት ከውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል። በቀይ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ጢንዚዛ ክሽክሽ ትለቅማለች። እበት የሚያንከባልለው ጢንዚዛ ደግሞ ዝንብ ሊራባበት የነበረውን እበት አፈር ውስጥ ቀብሮ ምድሩን ያዳብርልናል። አውስትራልያውያን ለከብቶቻቸው እበት የሚበቃ ጢንዚዛ በአገራቸው ባይኖር፣ ከ1960ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ከአፍሪካ ጭምር በባሕር ማዶ እያስመጡ በየግጦሹ ለቀዋል። እኛ በየመንገዱ የምንረግጠው እነርሱ በብዙ ወጪና ድካም ያስመጡትን ዓይነት ፍጡር ነው።

አካባቢያችን የሚኖርበት ቡናም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። ቡናችን ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም የንብ ጉብኝት የፍሬውን መያዝ እንደሚያግዝ የዘርፉ ባለሙያዎች ያስተምራሉ። በጅማ ዙሪያ በሚገኙ የቡና ማሳዎች ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም አበባውን ከሚጎበኙት ሁሉ በብዛት የምትገኘው የማር ንብ መሆኗን አሳይቷል። የቡና አበባ ግን የጥቂት ቀናት እንግዳ ነው። በቀሩት ወራት ንቧ የምትኖረው ከብሳናው፣ ከግራዋው፣ ከገተሙና በየሜዳው ከሚፈካው አበባ በምታገኘው ቀለብ ነው። የከተማው ሣርም ከማዕዷ አንዱ ነው።

በገበያ «ቱፎርዲ» የሚባለው ፀረ አረም ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች አድርቆ ሣሩን ብቻ ይተዋል፤ ንቧን ወዲያው ባይገድላት እንኳ ማዕዷን ያነሣባታል። ማላታይንን የመሳሰሉት ፀረ ተባዮች ግን ወዳጅና ጠላት አይለዩም፤ ባበበ ተክል ላይ ሲረጩ ንቧንም ይገድላሉ። ከዚህም የሚከተል ሌላ ጣጣ አለ። ክሽክሹ ፈጥኖ ይራባል፣ ክሽክሹን የምትበላው ጢንዚዛ ግን ቀስ ብላ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ተባዩ ከቀድሞው ብሶ ይገኝና ሌላ ርጭት ይታዘዛል። በጀርመን ጥብቅ ሥፍራዎች ለ27 ዓመታት በተደረገ ክትትል የበራሪ ነፍሳት ጠቅላላ ክብደት ከ75 በመቶ በላይ መቀነሱ በ2017 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ አገሩ ሩቅ ነው ብለን የምናልፈው ወሬ አይመስለንም።

ቋንቋችን እነዚህን ጥቃቅን ፍጡራን «ነፍሳት» ይላቸዋል። በዚህም ምክንያት እንደ ሰው የማትሞት ነፍስ አላቸው አንልም፤ ካቴኪስቶቻችን ይህን ለሕፃናት በግልጽ ሊያስረዱ ይገባል። ሆኖም ቅዱስ ቶማስ አኲናስ እንዳስተማረው፣ የእግዚአብሔር ቸርነት በአንድ ፍጡር ብቻ ሊገለጥ ስለማይችል ብዙና ልዩ ልዩ ፍጥረታትን ፈጠረ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2415) ለፍጥረት የሚገባውን አክብሮት ከሰባተኛው ትእዛዝ ማለትም ከ«አትስረቅ» ጋር አያይዞ ያስተምራል። ይህ ማያያዝ በጥልቀት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ንቧ የጎረቤት ናት፤ ማሩ የባለቀፎው ነው፤ አፈሩም ገና ያልተወለዱት ልጆች ርስት ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው (ቁ. 34) የትልልቅ እንስሳት መጥፋት ቢያስደነግጠንም ያለ ትሎችና ያለ ነፍሳት ፍጥረት ሊጸና እንደማይችል አሳስበዋል።

«እኛ አላወቅንም» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሳያውቅ ያጠፋ ሰው በደሉ ይቀልለታል። ነገር ግን ይኸው ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 1791) እውነቱን ለመፈለግ ያልደከመ ሰው ባለማወቁ ራሱ ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። ከዋናው ዕቃ ተቀንሶ፣ ጽሑፍ በሌለው የውኃ ጠርሙስ የሚሸጥ ፈሳሽ ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ገዝተን ካስረጨን፣ ያለማወቃችን በፈቃዳችን የመጣ ነው። ደግሞም የሚረጨው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያልተሰጠው፣ መርጫውን በጀርባው ያዘለ የቀን ሠራተኛ ነው። ስለ ጉንዳን ግድ የማይሰጠው ሰው እንኳ ስለዚህ ወንድማችን ግድ ሊሰጠው ይገባል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚነሡትን ሐሳቦች አንንቅም። ሣር ሲረዝም እባብና መዥገር ይሸሸግበታል፤ ሕፃናትም መጫወቻ ያስፈልጋቸዋል። የወባ ትንኝ በጥላው ታርፍበታለች የሚሉም አሉ፤ ይሁን እንጂ እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ውኃ ላይ ስለሆነ፣ ጉድጓድ መድፈንና ቦይ መጥረግ ሣር ከመመረዝ ይልቅ ይጠቅማል። አንድ ግቢ ይታጨድ ወይስ አይታጨድ ብለን አንከራከርም፤ ማጨድና መመረዝ አንድ አይደሉም። የታጨደ ሣር ሥሩ ስላልተነካ ይመለሳል፣ ማገጡም መልሶ ያብባል። እጅግ ተላጭቶ አፈሩ ካልታየና ሁሉም በአንድ ቀን ካልታጨደ፣ ነፍሳቱ ወደ ቀረው ክፍል ይሸሻሉ።

የሙሴ ሕግ አጫጁ የእርሻውን ዳር ፈጽሞ እንዳያጭድ፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተውለት ያዝዛል (ዘሌ. 19፥9)። ሕጉ የተሰጠው ስለ ሰው እንጂ ስለ ንብ አለመሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም የራሱን መሬት እስከ መጨረሻው ጫፍ የማይጠቀልል እጅ በዚህ ሕግ የተማረ እጅ ነው። በአጥሩ ሥር አንድ ክንድ የሚያህል ዳር አብቦ ዘር እስኪጥል ቢተው፣ የበዓሉን ማማር ምን ይቀንስበታል? ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች በተዛመተው የኮሪደር ልማት ሥራ በመንገድ ዳር የሚነጠፈውን ሣር የሚንከባከቡ ምእመናንም በመካከላችን ይኖራሉና፣ ይህን አሳብ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ቢያካፍሉ መልካም ነው።

ለካቴኪስቶቻችን አንድ ነገር እንጨምራለን። እሑድ እሑድ ለሕፃናቱ ከመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ታካች ሰው ወደ ጉንዳን ሄዶ እንዲማር እናነብላቸዋለን፤ ቅዳሜ ጉንዳኑን ያስፈጀነውም እኛው ልንሆን እንችላለን። ስለዚህ ከሚቀጥሉት ትምህርቶች በአንዱ ልጆቹን ወደ ግቢው አውጥታችሁ፣ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ የሚሆን ሣር በገመድ ከልላችሁ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ የሚያዩትን ሕያው ፍጡር ሁሉ እንዲቆጥሩ አድርጉ። መድኃኒት የተረጨበትና ያልተረጨበት ግቢ በአቅራቢያችሁ ካለ በሁለቱም ቦታ ይቁጠሩ። ቁጥሩንና ልጆቹ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የሚያውቁትን የነፍሳት ስም ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።