ጭስ የሌለው ቃጠሎ

ኮምፒውተሬ ካረጀች ቆይታለች። እኔም ወደዚያው እያዘገምኩ ስለሆነ አንዳችን በሌላችን ላይ አፍ አውጥተን አናውቅም። ጠዋት ቁልፏን ተጭኜ ወደ ቡናዬ እሄዳለሁ፤ አንድ ስኒ ጠጥቼ ስመለስ እሷም ዓይኗን ገልጣ ትጠብቀኛለች። ይህን የኖረ ስምምነታችንን ያፈረሰው የእህቴ ልጅ ነው።

ልጁ ቀን ቀን የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ በኢንተርኔት ከውጭ አገር እየተላከለት ቪዲዮ ያቀናብራል። መቼ እንደሚተኛ እናቱም አታውቅ። አንድ ቅዳሜ እኔ ዘንድ መጥቶ ማሽኗ እስክትነሣ መጠበቁ አንገበገበውና፣ «ጋሼ፣ ይቺን እኮ በትንሽ ብር ወጣት ማድረግ ይቻላል» አለኝ። ለባለቤቷስ እንዲህ ያለ መድኃኒት የላችሁም ወይ ልለው ፈለግሁና ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሯ ውስጥ የነበረው ፕሮሰሰር በ3.2 ጊጋ ኸርዝ የሚሄድ ኮር አይ 5 ነው። ልጁ በሳምንቱ ይዞ የመጣው ያገለገለ ኮር አይ 7-4790ኬ ነበር፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው፣ መነሻው 4 ጊጋ ኸርዝ የሆነ፣ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ በራሱ እስከ 4.4 የሚደርስ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሰኪያ ላይ ስለሚገቡ ማዘርቦርዱን መለወጥ አላስፈለገም። አሮጌውን ነቀለ፣ ሌላውን አስቀመጠ፣ የጥርስ ሳሙና የመሰለ ነገር ቀባው፣ ፋኑን መልሶ ሰካ። አለቀ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኔም ይህን ባልጻፍኩ።

አላቆመም። «ኬ የምትለዋ ፊደል ዝም ብላ አይደለም የተጻፈችው» አለኝ። ኬ ያለበት ፕሮሰሰር ፍጥነቱ አልተቆለፈም ማለት ነው። ፕሮሰሰር እንደ ልብ በትርታ ነው የሚሠራ፤ 4 ጊጋ ኸርዝ ማለት በሰከንድ 4 ቢሊዮን ትርታ ነው። ባለቤቱ ከፈለገ፣ ማዘርቦርዱም ከፈቀደ፣ ባዮስ የሚባለው ውስጥ ገብቶ ትርታውን ፋብሪካው ከጻፈለት በላይ ማስሮጥ ይችላል። ይህን ነው ኦቨርክሎክ የሚሉት። የእኔ ማዘርቦርድ ለካ ከጥንትም የሚፈቅድ ዓይነት ኖሯል። ልጁ ቁጥሩን 4.8 ላይ አደረሰው።

«ፋብሪካው 4.4 ካለ 4.4 ነው እንጂ! አንተ ከሠሪው ታውቃለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ፣ ሰው በማትሪክ ውጤቱ አይመዘንም እያሉ ሲጽፉ የኖሩት?»

ከዚያ ሳይወለድ በፊት የሆነውን ታሪክ እንደ ገድል ተረከልኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ፍጥነቱ 300 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ የማዘርቦርዱ 66 በ4.5 ሲባዛ የሚገኘው ማለት ነው። ነገር የገባቸው ሰዎች 66ቱን ወደ 100 ከፍ አደረጉት። 100 በ4.5 ሲባዛ 450። ከእነዚያ ርካሽ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ በዚህ ፍጥነት ያለ አንዳች ማጉረምረም ሮጡ። 450 ደግሞ በዚያው ዓመት የኩባንያው ውድ ፔንቲየም 2 ይሄድበት የነበረው ፍጥነት ነው።

ምስጢሩም ይህ ነው። ፕሮሰሰሮች ከአንድ ክብ የሲሊከን ገበታ ላይ ብዙ ሆነው ይሠራሉ። ከዚያ እየተፈተኑ ይለያሉ፤ የጠነከረው ላይ ትልቅ ቁጥር፣ የደከመው ላይ ትንሽ ቁጥር ይጻፋል። ነገር ግን ገበያው ርካሹን አብዝቶ ሲፈልግ ጠንካራውም ላይ ትንሹ ቁጥር ይጻፍበታል። አቅም ጎድሎት ሳይሆን፣ ያን ቀን የተፈለገው 300 ስለሆነ።

እዚህ ላይ ተረታሁ። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከፊቴ ስንት 450 የሆነ ልጅ 300 ተብሎ ተጽፎበት እንደተቀመጠ አውቃለሁ። ድሀ አገር ውስጥ ሰው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የአቅሙ ልክ ሳይሆን የክፍት ቦታው ልክ ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር አልቀበልም ማለት አመፅ አይደለም፤ ፍትሕ ነው። ስለዚህ ልጁን፣ «በል፣ እንደ ፍጥርጥርህ» አልኩት። እሱም ጽሑፎቼን በሙሉ አንድ ላይ ጨምቆ ወደ አዲስ ዲስክ አዛወረልኝ። አሮጌውንም ዲስክ አጽድቶ ለሌላ ሥራ ወሰደው።

ሦስት ሳምንት ተደሰትኩ። ማሽኗ ቡና አታስጨርስም። አልጋለችም፣ አልጨሰችም፣ አንድ ቀን እንኳ ቀጥ አላለችም። በአራተኛው ሳምንት የድሮ ጽሑፎቼን ለመጽሐፍ ይሆኑ እንደሆን ብዬ ስሰበስብ ግን አሥራ አንዱ አልከፈት አሉኝ። ልጁን ጠራሁት። ብዙ ጊዜ አቀርቅሮ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ስትጨምቃቸው ነው የተበላሹት። ያኔ ተሳስታለች» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገረችንም?»

«አታውቅም እኮ።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን «አታውቅም እኮ» ልብ በሉልኝ። እኔ የኦቨርክሎክ አደጋ ቃጠሎ ይመስለኝ ነበር። ቃጠሎስ ደግ ነው፤ የዛሬ ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልሆነለትም ይጠፋል። ክፉው ሌላ ነው። ትርታው ከልክ በላይ ሲፈጥን አንዱ ምልክት ከቦታው ሳይደርስ ቀጣዩ ትርታ ይመጣል። ያን ጊዜ 1 መሆን የነበረበት 0 ይሆናል። ማሽኗም የተሳሳተውን መልስ እንደ ትክክለኛው በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ድፍረት ታስረክባለች።

ልጁ በዚያው ቀን ፈተናት። ፕራይም95 የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ዋና ሥራው የሒሳብ ሰዎች ፕራይም የሚሏቸውን ግዙፍ ቁጥሮች ማደን ነው። ለፈተናም ይውላል፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስሌት እየሰጠ የተገኘውን ከሚታወቀው ጋር ያመሳክራል። አርባ ደቂቃ ያህል ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ከስምንቱ ሥራዎች አንዱ ስህተት ብሎ ቆመ። ሰባቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠሉ። ይህን ፈተና ከዲስኩ ዝውውር በፊት ቢያደርገው ኖሮ እንደሚበጅ እሱም አላጣውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ወረቀት አውጥቼ ሒሳቡን አስረዳኝ አልኩት። ፍጥነት ሲጨምር ፕሮሰሰሩ እንዳይሳሳት ቮልቴጁም ከፍ ይደረጋል። የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ነው የሚያድግ፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ነው። ሁለቱንም በ10 በመቶ ብትጨምሩ 1.1 በ1.1፣ እንደገና በ1.1 ይባዛል፤ 1.33 ይመጣል። 10 በመቶ አተረፋችሁ፣ 33 በመቶ ሙቀት ከፈላችሁ። ልጁ «አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ችግር የለም» ብሎኝ ነበር። ብርዱስ እውነት ነው። ግን ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠች፤ አየራችን ከጠረፍ አገር አየር በአምስት እጅ አንድ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያው ቢሽከረከር ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል።

ለካ ፋብሪካው ያን ቁጥር የጻፈው ለጥሩ ቀን አይደለም። ለክፉ ቀን ነው። ለሞቀ ክፍል፣ አቧራ ለበላው ፋን፣ ለሚዋዥቅ መብራት፣ ለአሥረኛው ዓመት። እኛ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ትርፍ አቅም ያልነው፣ በክፉ ቀንም መልሱ ትክክል እንዲሆን የተቀመጠ ስንቅ ነበር።

ከአሥራ አንዱ ጽሑፎች አሥሩን ከጋዜጣው ቅጂ አስተየብኳቸው። አሥራ አንደኛው ስለ አባቴ የጻፍኩት፣ ያልታተመ ነበር። ሄደ። ያን ምሽት እንቅልፍ የነሣኝ ግን እሱ አልነበረም።

በ1997 ዓ.ም. ጠዋት መደበኛ ተማሪዎችን፣ ማታ ኤክስቴንሽን፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በአንድ የግል ኮሌጅ አስተምር ነበር። ኑሮ ነው። ቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ። ባልደረቦቼ «አንተ ሰው፣ ብረት ነህ!» ይሉኝ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር። በሴሚስተሩ መጨረሻ ከሦስት መቶ በላይ የፈተና ወረቀት አርሜ በቀኑ አስረከብኩ። አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ እባክዎ ወረቀቴን ደግመው ይዩልኝ፤ ይህን ያህል አልወድቅም» አለችኝ። ወደ ኤክስቴንሽን ልሄድ ቦርሳዬን አንጠልጥያለሁ። «እኔ ቁጥር አልሳሳትም» ብያት ወጣሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር አልተመለሰችም። ውጤቷ ስላልበቃ ተሰናብታለች።

ከዓመታት በኋላ ማስተማሩን ስተው ቢሮዬን ሳጸዳ ያ ወረቀት እጄ ገባ። ፊት ለፊቱ ላይ በራሴ ቀይ እስክሪፕቶ ለየጥያቄው የሰጠሁት አለ፤ 14፣ 17፣ 9፣ 18። ሥር ላይ ድምሩን 38 ብዬ አክብቤበታለሁ። እስቲ እናንተ ደምሩት። 58 ነው።

አልታመምኩም፣ አልወደቅሁም፣ አንድ ክፍለ ጊዜ አልቀረሁም። ጭስ አልወጣም። ፍጥነቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቱን የከፈለችው እሷ ናት። ፈልጌያት ነበር፤ አላገኘኋትም። ከሦስት መቶው ወረቀት ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለ ስንት እንደነበረም አላውቅም። የማላውቀው ደግሞ የሚመሳከርበት መልስ ስላላስቀመጥኩ ነው። ሊያመሳክር የመጣውንም መልሼዋለሁ።

«የራሴ ጉልበት ነው፣ ባሻኝ ፍጥነት አስሮጠዋለሁ» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው። ጉልበቱ የራስ ነው፤ መልሱ ግን የሌላ ሰው ነው። ሁለት ቀን ያልተኛ ሾፌር፣ ከአዳር ወደ አዳር የሚዞር ሐኪም፣ ሦስት ቦታ የሚያስተምር መምህር፣ ሁላቸውም ሲሄዱ ይታያሉ። የሚያስፈራውም መሄዳቸው ነው።

የሌላውን ትርታ የሚያስሮጥ ሲኖርስ? እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ችግር መኖሩን አምኗል፤ በራሱ ኮድ ውስጥ በነበረ ጉድለት አንዳንዶቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ይጎዱ ነበር። ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። የሚገርመው፣ ጌም ሲቋረጥባቸው ብዙ ተጠቃሚዎች ያዩት መልእክት የግራፊክስ ማህደረ ትውስታ አልበቃም የሚል ነበር። ጥፋቱ አንድ ቦታ፣ ተከሳሹ ሌላ ቦታ። ያቺም ተማሪ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሰነፍ ነኝ ብላ ይሆናል የሄደችው።

ይኸው ኩባንያ ቀደም ሲል የተሻለ መንገድ አሳይቶን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የ4 ጊጋ ኸርዝ ፔንቲየም 4 አወጣለሁ ያለውን እቅድ ሰረዘ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ክሬግ ባሬት በአንድ ጉባኤ ላይ ለቀልድም ቢሆን ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ልብ ይበልጥ ከማስሮጥ ይልቅ ሁለት፣ አራት እያደረጉ ሥራውን ማካፈል ዋናው መንገድ ሆነ። አልችልም ብሎ መንበርከክና ሸክም ማካፈል ለማሽን ከተፈቀደ ለሰው የማይፈቀድበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት፤ የወረቀቱንም ነገር ጭምር። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ እውነት ነው። ግን በ300 ብሠራ ቤት ኪራዬን አልከፍልም» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔም በ1997 ዓ.ም. ይህንኑ ነበር የምል። ሰውን በማያኖር ደመወዝ ቀጥሮ ለምን ራስህን ታስሮጣለህ ብሎ መገሠጽ የጠገበ ሰው ምክር ነው። ስለዚህ አትሩጥ አላልኩትም። ያልኩት ሁለት ነገር ነው። ከመሮጥህ በፊት ተፈተን፤ መልስህንም የሚያይልህ ሰው አይጥፋ። ተሳስተሃል ብሎ የመጣውን ደግሞ፣ ቦርሳህን አንጠልጥለህም ቢሆን፣ ቁጭ ብለህ ስማው።

ማሽኗ አሁን በ4.4 ነው የምትሄድ። ቁጥሩን ያወረደው እሱ ራሱ ነው፤ አውርዶም ፕራይም95ን ሌሊቱን ሙሉ አስኬደው፤ ጠዋት አንድም ስህተት አልነበረም። ልጁም እሑድ እሑድን ለእንቅልፍ ሊተው ቃል ገብቶልኛል። መጠበቁን እንጃ። እናቱን እጠይቃለሁ።