ስለ ብድርና ስለ መታመን

በአሜሪካ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ «ክሬዲት» የሚለው ቃል የዕለት ተዕለት ንግግር ሆኗል። ቤት ለመከራየትም ሆነ መኪና በዱቤ ለመግዛት ሲፈለግ የሚጠየቀው እርሱ ነውና። ቃሉ ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን መነሻው «ማመን» ማለት ነው። ስለዚህ የሚነሣው ጥያቄ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ነው፤ ሰው የታመነ ነው የሚባለው በምንድን ነው?

አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚሠራበትና ፊኮ የተባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 35 በመቶ ያህሉ የሚመዘነው ዕዳን በቀኑ በመክፈል ነው፤ 30 በመቶ ያህሉ ደግሞ ባለው የዕዳ መጠን ሲሆን፣ በተለይ በካርዱ ከተፈቀደው ገንዘብ ምን ያህሉ እንደ ተወሰደ ይታያል። 30 ቀን የዘገየ ክፍያ ለመዝጋቢ ድርጅቶች ሊነገርና እስከ 7 ዓመት በመዝገብ ሊቆይ ይችላል። ነጥብን ከፍ ለማድረግ ዕዳ ማሳደር ይገባል እየተባለ የሚወራው ግን ስሕተት ነው። የወሩን ሂሳብ በሙሉ በጊዜው የሚከፍል ሰው ለገዛው ዕቃ ወለድ ሳይከፍል መልካም ስሙን ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ዕቁቡን ለዓመታት ሳያጓድል የጣለ፣ ከባንክ ግን ተበድሮ የማያውቅ ሰው በመዝገቡ ፊት እንደ ሌለ ይቆጠራል። ሰውዬው ግን አለ፤ ዳኛውም አባላቱም ያውቁታል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። ለካርዱ የክፍያ ቀን እንቅልፍ የምናጣ ሰዎች፣ ያለ ወረቀትና ያለ ምስክር ያበደረንን ወንድም «ትንሽ ታገሠን» እያልን ዓመት እናስቆጥረዋለን። ባንኩ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ወንድም ግን ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል። እንዲህ ከሆነ የምንከፍለው ዕዳ ስለሆነ ሳይሆን ስለፈራን ነው። እርግጥ ወለድ የሚወልደውን ዕዳ ማስቀደም ብልህነት ነው፤ ወንድምም ነገሩ ተገልጾለት ከተስማማ ነቀፋ የለበትም። ሳይነገረው ሲቀር ግን የእኛን ሸክም የሚሸከመው እርሱ ነው።

የዋስነትም ነገር እንዲሁ ነው። ለአዲስ መጤ ዘመዳቸው በስማቸው ተጨማሪ ካርድ የሚያወጡ ቸር ሰዎች አሉ። ተጠቃሚው ዘመድ ቢሆንም ባለዕዳው የካርዱ ባለቤት ነው፤ ክፍያው ቢዘገይ የሚበላሸውም በቅድሚያ የእርሱ ስም ነው። ዘመድ ሥራ ቢያጣ ጥፋት አይሆንበትም። ነገር ግን ብዙዎች አፍረው ስልክ ማንሣት ይተዋሉ፤ ባለ ካርዱም ነገሩን የሚሰማው ወሩ ካለፈ በኋላ ከደብዳቤው ነው። ቀኑ ሳያልፍ ቢነገረው ኖሮ፣ ሙሉውን ባይችል እንኳ ዝቅተኛውን ክፍያ ከፍሎ ስሙን ከመዝገቡ ባዳነ ነበር።