ምን አለሽ?

ኮልፌ፣ ከአጣና ተራ ጀርባ፣ ትርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቆራሌ ነው። ማለዳ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወጣል፤ «ቆራሌው!» እያለ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ይውላል፤ ሲመሽ የገዛውን መርካቶ አራግፎ ይገባል። «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አጥሮ ነው «ቆራሌው» የሆነው ይባላል።

ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። ርዝመቷ አምስት እርምጃ፣ ወርዷ አራት። አልጋ፣ አግዳሚ፣ ሁለት ዱካ፣ የልብስ ሳጥን፣ ጀበናና ረከቦት አለ። ከበሩ በስተቀኝ ያለው ጥግ ባዶ ነው። ባዶ የሚመስለው ግን ለሌላ ሰው ነው፤ ለትርፌ እዚያ ጥግ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ብፌ ቆሞበታል። ቡናማ፣ ቁመቱ ደረቷ ድረስ፣ በሩ መስታወት። ልክ እንደ ጎረቤቷ እንደ እትዬ አልማዝ። በእትዬ አልማዝ ብፌ ውስጥ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ስድስት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆዎቹ ይታያሉ፤ ውሃው በፕላስቲክ ኩባያ ይቀርባል።

ትርፌ የገባችበት የእሁድ እቁብ ሠላሳ ሰው ነው፤ በሳምንት 500 ብር ይጥላሉ። መስከረም መጨረሻ ላይ ዕጣው ለእሷ ወጣ። 15,000 ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን በእጇ ጨብጣ ቤት ገባች። ባሏ እግሩን እየታጠበ ነበር። ስለ ብፌው ነገረችው። ጨርሶ ሰማትና፣

«ቅዳሜ ሄደን እንገዛዋለን» አላት። «ገመድም እኔ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ግን አንድ ቀን አብረሽኝ ዙሪ። ሰሞኑን ዕቃው በዝቶብኛል፣ የሚያግዘኝ ሰው አጣሁ።»

ማክሰኞ አብራው ወጣች።

ከአጣና ተራ ተነሥተው፣ ጦር ኃይሎችን አልፈው ወደ ቤቴል ዘለቁ። እሱ ይጣራል፣ በር ይከፈታል፣ ዕቃ ይወጣል። አንዷ ተረከዙ መሬት ያልነካ ጫማ አወጣች፤ የዋጋው ወረቀት ሶሉ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ሌላዋ ከነካርቶኑ የጁስ መፍጫ። አንድ ሰውዬ ሦስት የግድግዳ ሰዓት አመጡ፤ ሦስቱም ቆመዋል። ትርፌ የማዳበሪያውን አፍ ይዛ ታዳምጣለች። ሰው ሁሉ ዕቃውን ሲያስረክብ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ የገዛበትን ዋጋ። «ይሄን እኮ 2,000 ብር ነው ያወጣሁበት!» ይላሉ። ዕቃው ምን እንደሠራላቸው የሚናገር አልነበረም።

ከአንዲት አሮጊት በቀር። ቂጡ የተበሳ የአልሙኒየም ድስት በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ዋጋም አልጠሩ። «ሦስት ልጅ አሳድጎልኛል» ብለው በመዳፋቸው አንድ ጊዜ አበሱትና ሰጧቸው።

ቤቴል አንዲት ወይዘሮ ወደ ውስጥ አስገቧቸው። «የምሸጠው ብፌ ነው» አሉ። ትርፌ ክው አለች። የእሷው ብፌ ነው፤ ያ ሦስት ዓመት ጥጓ ላይ የቆመው፤ ቡናማ፣ በሩ መስታወት። እግሩ ግን ወለል በተወለወለ ቁጥር ውሃ እየጠጣ አብጧል፤ ቺፑዱ በጣት ሲነኩት እንደ ረጠበ ዳቦ ይፈረፈራል። ቁልፉ የለም። ባሏ ዞሮ ዞሮ አየውና 700 ብር አለ። ወይዘሮዋ በስንት እንደገዙት ነገሩት፤ ደግመውም ነገሩት፤ በመጨረሻ 700 ብሩን ተቀበሉ። ከዚያ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ያወጡ ጀመር። የአንዳንዶቹ ወረቀት ገና አልተላጠም።

ብፌው ከግድግዳው ሲላቀቅ ከኋላው የነበረው ታየ። የቤቱ ግድግዳ በዓመታት ጭስ ጠቁሯል፤ ብፌው የቆመባት ቦታ ብቻ አራት ማዕዘን ሆና፣ ትናንት የተቀባች ይመስል ቢጫ ናት። ይህን ጊዜ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከጓዳ እየሮጠ መጣና እዚያች ቦታ ላይ ዘጭ አለ። ከኪሱ ቆርኪ እያወጣ በመስመር ይደረድር ጀመር።

«አንተ፣ ተነሥ፣ አቧራ ነው!» አሉት አያቱ።

አልተነሣም። ትርፌ ከበሩ ወጥታ እንደገና ዞራ አየችው።

ከሰዓት ምን አለሽ ተራ ደረሱ። ሌላ ቦታ ያለቀለት ነገር መርካቶ ውስጥ፣ እዚያ ተራ ላይ፣ እንደገና ይጀምራል። የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፤ መዶሻው ጆሮ ይበጥሳል። «ምን አለህ?» እያሉ ከበቡት። በአሮጊቷ ድስት ተሻሙ፤ አልሙኒየም ነው፣ ቀልጦ ሌላ ድስት ይወጣዋል። ከብፌው መስታወቱን ወሰዱ፣ ማጠፊያውን ፈቱ። ቺፑዱን የጠየቀ የለም።

«እሱስ የት ይሄዳል?» አለች ትርፌ።

«ረጲ» አላት ባሏ።

ረጲን ታውቀዋለች። እዚያው እነሱ ክፍለ ከተማ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ነው፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረበት፣ ሰው ቆሼ የሚለው ጋራ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ያ ጋራ ተንዶ፣ ሥሩ ጎጆ ቀልሰው ከሚኖሩት ሰዎች ከ110 በላይ የሚሆኑትን ቀብሯል። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ትርፌ ያኔ ከእድሯ ሴቶች ጋር ንፍሮ ይዛ ድንኳን ገብታለች። በማግሥቱ ዓመት፣ በነሐሴ 2010፣ እዚያው አጠገብ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ ሲታቀድ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ነው። በቀን 1,400 ቶን! ከዚያ ውስጥ ስንቱ ይሆን አንድ ቀን ከመደርደሪያ ተመርጦ፣ ዋጋ ተከራክረውበት፣ በደስታ ቤት የገባ ዕቃ?

ትርፌ ያን ማታ ብዙም አላወራችም።

ቅዳሜ መርካቶ ሄዱ። ባሏ ቃሉን አላጠፈም፤ ገመዱን ይዟል። ብፌው ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ቫርኒሹ የሰው ፊት ያሳያል። ትርፌ በመዳፏ ዳሰሰችው። አዲስ እንጨት፣ አዲስ ቀለም ይሸታል።

«14,500 ነው። ለአንቺ ስል ግን እህቴ፣ 14,000።»

ተከራከረች። 13,000 ላይ ተስማሙ። የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች፣ ብሩን ቆጠረች፣ ቆጥራ ስትጨርስም እጇ ላይ እንደያዘችው ቆመች።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቂኝ እንጂ።»

«ይሄን ቆራሌው በስንት ይወስደዋል?»

ሻጩ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ እሱም ተወው። «ኧረ ገና ቤትሽ ሳይገባ!» አላት።

ትርፌ የመስታወቱን በር ከፍታ ውስጡን አየች፤ መልሳ ቀስ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣ «ገመዱን ጠቅልለው» አለች።

ባዶ እጇን ግን አልተመለሰችም። ሁለት ዓመት ስንጥቁ እንጀራዋን እየያዘ ሲያበሳጫት የኖረውን ምጣድ የሚተካ ምጣድ ገዛች፤ ማሰሻ ያልነካው፣ ሲያንኳኩት እንደ ደወል የሚጮህ። ከዚያ አንድ ሰሌን። ከዚያ አንድ ደማቅ አምፖል። ለእያንዳንዱ ከመክፈሏ በፊት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ዕቃው ቤቷ ውስጥ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚነካው ካየችው ትከፍላለች፣ ካላየችው አልፋው ትሄዳለች። ብዙ ሱቅ አለፈች። የተረፈውን ብር ሰኞ ባንክ አስገባች።

እሁድ ማታ እትዬ አልማዝ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው እንኳን ደስ አለሽ ሊሉ መጡ። ዓይናቸው ቀጥታ ወደ ጥጉ ሄደ። ሰሌን ተነጥፎበታል፣ ሌላ ምንም የለም።

«ታዲያ ምን አለሽ?» አሏት።

«ቡና አለኝ» አለች ትርፌ። «ይቀመጡ።»

አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ሳይቀዳ ልጁ ሰሌኑ ላይ በደረቱ ተኝቶ ደብተሩን ዘርግቷል። እነሱ ቤት፣ በብፌውና በአልጋው መካከል፣ ደብተር የሚዘረጋበት ወለል አልተረፈም፤ ልጁ ጉልበቱ ላይ ነበር የሚጽፈው። አምፖሉ ከላይ ያበራለታል። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። እትዬ አልማዝ በረካው እስኪደርስ ድረስ ልጁን እንጂ ጥጉን አላዩም።

በማግሥቱ ልጁ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ጥቅምት ሲያልቅ አምስት ሆኑ። ራት እስኪደርስ እዚያ ያጠናሉ፤ ከተጣሉም እዚያው ይታረቃሉ። ትርፌ ትኩስ እንጀራ ስታወጣ አንዱን ቆርሳ ታካፍላቸዋለች።

ኅዳር 12 መጣ። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ አዲስ አበባ በዚያ ቀን ጓዳዋን ጠርጋ ቆሻሻዋን ታጨሳለች፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለው እሱ ነው። ሰፈሩ በጭስ ተሸፍኖ ሳለ እትዬ አልማዝ ብፌያቸውን ሊወለውሉ ከፈቱት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ስድስቱን ብርጭቆ አጥበው፣ በትሪ ደርድረው፣ መንገዱን ተሻግረው መጡ።

«ልጆቹ ውሃ ይጠጡባቸው» አሉ።

አንዱ በዚያው ሳምንት ተሰበረ፤ የተቆጣ ሰው የለም። ብርጭቆዎቹ አምስት ቀሩ፣ ልጆቹም አምስት ናቸው።