የሰዓቱ ምስክር

አንድ ሰው አፉ ወደ ጎን ተጣሞ፣ እጁ አልታዘዝ ብሎት፣ ምላሱ ተሳስሮ ድንገት ሲወድቅ ስትሮክ መታው እንላለን። የሐኪሙ ጭንቅ ግን ገና መጀመሩ ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ቧንቧ በረጋ ደም ተደፍኗል ወይስ ፈንድቶ እየደማ ነው? ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልክ ሊኖራቸው ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ግን ቧንቧው ለፈነዳበት ሰው ቢሰጥ ሊገድለው ይችላል። ታዲያ ሰው ምን ያህል ቢያውቅ ነው መርፌውን ሊያነሳ የሚገባው?

ለረጅም ዘመን አስተማማኙ መልስ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሞት በኋላ፣ አስከሬን ሲመረመር ነበር። ጥቅምት 1 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. በለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ በሲቲ ስካን ስትታይ ይህ ተለወጠ። በምስሉ ላይ ትኩስ ደም ነጭ ሆኖ ይታያል። የተደፈነ ቧንቧ ያደረሰው ጉዳት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይታይ ይችላል፤ ምስሉ የጤነኛ ሰው ይመስላል። እንግዲህ ሐኪሙ መደፈኑን ባያየውም፣ ደም አለመኖሩን አይቶ፣ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ እንዳልሆነ ለክቶ፣ የአካሉን ድካም መርምሮ ይወስናል።

እስኪያረጋግጥ ቢቆይስ? በማግስቱ ምስሉ ቢደገም የሞተው የአንጎል ክፍል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ያኔ ግን እርግጠኝነቱ ለማንም አይጠቅምም። ትልቅ ቧንቧ ሲደፈን በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተገምቷል። ስለዚህ መጠበቅም ራሱ ውሳኔ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ጥናት በ3 ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ያገኙ ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ ያለ ጉዳት ወይም በጥቂት ጉዳት ብቻ የመገኘት ዕድላቸው ቢያንስ በ30 በመቶ እንደሚበልጥ አሳየ። በዚያው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት 6.4 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 0.6 በመቶው ጉዳት የሚያስከትል የአንጎል መድማት ደርሶባቸዋል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ወስደው ከደሙት አንዱ ቢሆን ሐኪሙ በድሎታል እንላለን? እኔ አልልም። የውሳኔ ትክክለኛነት የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት ሊታወቅ በሚችለው ነው እንጂ በኋላ በተገለጠው አይደለም። ይህን የመድማት አደጋ ለቤተሰብ አስቀድሞ አለመንገር ግን በደል ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ መድኃኒቱ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ እንደሚጠቅም አሳየ። ቆጠራው የሚጀምረው ሰውየው ወድቆ ከተገኘበት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት ሲቲ ስካን አይናገርም። ኤምአርአይ በከፊል ሊገምት ይችላል፤ በቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣትም ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። እነዚህ በቅርብ በማይገኙበት፣ በአብዛኛው የአገራችን ክፍልም እንደዚያው ነው፣ ሸክሙ በሰው ቃል ላይ ይወድቃል።

ነገሩን እንዲህ አድርገን እናስበው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እናቱን ወድቀው ያገኛቸው ልጅ 1 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ይደርሳል። ሐኪሟ «እናትህን ደህና ሆነው መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?» ትለዋለች። «አሁን ነው የጀመራት» ቢል ፍቅሩ ያናገረው ቃል እናቱን ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል። እውነቱን ከተናገረ «ማታ 3 ሰዓት፣ እራት በልታ ስትተኛ» ነው የሚለው፤ 10 ሰዓት አልፏልና መድኃኒቱ ሊቀር ነው። ሐኪሟ ግን በዚህ አትቆምም፤ «ሌሊት የሰማቸው የለም?» ብላ ሌሎቹን ትጠይቃለች። ምራታቸው ከኋላ ሆና ትናገራለች፦ «11 ሰዓት ላይ ለጸሎት ተነስተው ነበር፤ አነጋግረውኛል፣ ውሃም ራሳቸው ቀድተው ጠጥተዋል»።

አሁን ያለፈው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሴትየዋ ወደ ሲቲ ስካን ክፍል ይገፋሉ፤ ሐኪሟም ምስሉን እየጠበቀች የደም ግፊታቸውን ትለካለች፣ ምራቲቱንም ስለ 11 ሰዓቷ እንደገና ትጠይቃታለች።